የአባቴ መኪና ስንት ትጠጣለች

ስለ አረንጓዴ ትራንስፖርት የሚያወራ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፤ የሚያወራው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌሩን ማስተካከል ነው፣ ባዶውን የሚሄደውን መኪና መቀነስ ነው፣ ነዳጅ የማይበላውን ማስቀደም ነው፣ በቃ። እኔም እንደዚያ ብዬ አውርቻለሁ፤ ካዛንቺስ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛ ከበው ለተቀመጡ የጭነት መኪና ባለንብረቶች። ከመሀላቸው አንዱ አባቴ ነበር። ያን ጊዜ የሠራሁት ሶፍትዌር በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሁሉ በደንብ የሠራ ነው፤ አባቴን ግን ከሥራ አስወጣው። ከዚያ በኋላ የሆነውንም ነው ዛሬ የማወራው።

ቤታችን ቂርቆስ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ከተያያዙት ቤቶች መሀል። አባቴ ከሰሜን በወጣትነቱ መጥቶ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ እኔ ትምህርት ቤት በገባሁ ሰሞን የራሱን ገዛ፤ አሮጌ የጣሊያን መኪና ከነተሳቢዋ። አዲስ ሳለች ማን እንደነዳት እንኳ የሚያውቅ የለም። የኛ ሰፈር መንገድ ስለማያስገባት ጎተራ በኩል አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የምታድረው። እናቴ “ጣውንቴ” ትላታለች፤ እውነቷን ነው። አባቴ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ድምፅ ለወጠ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው፤ እኛ ስናስል ግን ዝንጅብል አፍሉላቸው ብሎ ይተኛል። በዚያች መኪና ነው ያደግነውም የተማርነውም፤ እኔ ኮምፒውተር ያጠናሁትም በሷ ነው።

አባቴ የካዛንቺሱ የባለንብረቶች ማኅበር አባል ነበር። ማኅበሩ ጭነት ያመጣል፣ አባላቱ ይጭናሉ፤ ማን ይጫን የሚለውን ደግሞ ተራ ይወስናል። ከመንገድ የተመለሰ መኪና ታርጋው ሰሌዳው ላይ ከታች በጠመኔ ይጻፋል። ጭነት ሲመጣ ከላይ ያለው ያነሣል፣ የተቀሩት ከፍ ከፍ ይላሉ። ጥሩ ጭነት ከደረሰህ እሰየው፣ ክፉ ከደረሰህ ቻለው። መኪናህ አዲስ ትሁን አሮጌ፣ ወደብ ትውረድ ጎጃም ትሂድ፣ ማንም አይጠይቅህም። ሀብታሙም ባለ አንድ መኪናውም እኩል አንጋጦ ሰሌዳውን ያያል። ባለ ተራው በአካል መገኘት ስላለበት ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቃል። በተራ ሰበብ ጠብ አልነበረም ብል ውሸት ይሆናል፤ የተራን ፍርድ አልቀበልም ያለ ሰው ግን አላየሁም።

ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሰሌዳውን ወደ ኮምፒውተር አስገቢልን ብሎ ቀጠረኝ። ብዙ መኪና ያለው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ አባቴን “ወንድሜ” እያለ የሚጠራ ሰው ነው። ሰሌዳውን እንዳለ ነው የገለበጥኩት፤ ታርጋ ከታች ይገባል፣ ከላይ ይወጣል። መጀመሪያ ሹፌሮቹ አላመኑኝም። እያንዳንዱ ከጀርባዬ ቆሞ የራሱን ታርጋ በጣቱ ካልነካ አይሄድም ነበር፤ ስክሪኔ ሁልጊዜ ግራሶ በግራሶ። እየቆዩ ለመዱት። አባቴማ ኦሎምፒያ ታክሲ ስንጠብቅ ለማያውቀው ሰው ሁሉ የተራው አዛዥ እሷ ናት እያለ ያሳፍረኝ ነበር። ደስም ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ቡናና ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ትልቅ ደንበኛ መጣ። ባሕር ማዶ ያሉት ገዢዎቹ ዕቃችን ወደብ እስኪደርስ ስንት ጭስ ይወጣበታል ብለው አፋጠውታል። ሰውየው ለማኅበሩ ዓመቱን ሙሉ የሚያሠራ ጭነት ልስጥ አለ፤ ትንሽ ነዳጅ የምትጠጣውን መኪና እየመረጣችሁ ከላካችሁልኝ፣ ጭሱ ምን ያህል እንደቀነሰም በየጊዜው ሪፖርት ካደረጋችሁልኝ አለ። ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞሮ ሲስተማችን ይህን ይችላል ወይ ሲል ጠየቀኝ። ይችላል አልኩ።

ጓጉቼ ነበር፣ አልክድም። ጭስ ለኔ የመጽሐፍ ነገር አይደለም። ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ከቤት እወጣለሁ፣ ኦሎምፒያ መብራቱ ጋ ታክሲ ስጋፋ ቆይቼ ካዛንቺስ ስደርስ ኮሌታዬ ሌላ መልክ ይዟል። የማኅበሩን የስምሪት ዳታ ከፍቼ ሳየው ደግሞ ያበደ ነገር አገኘሁ። አንዷ መኪና ሰሊጥ ልትጭን ከዚህ ባዶዋን ጎንደር ትወጣለች፤ በዚያው ሰሞን ሌላዋ ጎንደር ማዳበሪያ አራግፋ ባዶዋን ወደዚህ ትመለሳለች። የአንድ ማኅበር ልጆች ናቸውና መንገድ ላይ ጥሩምባ ነፍተው ሰላም ተባብለው ይተላለፋሉ። ለምን? ተራ ነዋ። ሰሊጡ የባለ ተራው ነው፤ ጎንደር የቆመችው ተራዋ አይደለም። ያ ሁሉ ናፍታ ለጨዋነት ሲባል ይነዳል። እንዴት አድርጌ ዝም ልበል?

ሠራሁት። አዲሱ ሲስተም ጭነት ሲመጣ ማን ቅርብ እንዳለ ያያል፣ መመለሻ ጭነት ያፈላልጋል፣ ከተገኙት መኪኖች ደግሞ ትንሽ የምትጠጣውን ያስቀድማል። ለአሮጌዎቹ ብዬ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ የጠበቀ መኪና በጠበቀ ቁጥር ነጥብ ይጨመርለታል፣ ብዙ ከጠበቀ አዲሱንም ያልፋል። ተራን ፈጽሜ ልገድላት አልፈለግኩም ነበር። ስብሰባ ላይ ይህን ሳስረዳ ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ተራ ከጠፋ ማኅበር ምን ያደርጋል ያለም ነበር። አባቴ ብድግ ብሎ ልጄ እኛን የሚጎዳ ነገር አትሠራም ብሎ ሲቀመጥ ጉርምርምታው ቆመ። እጅ ወጣና አለፈ።

ጉዱ ያለው ነዳጁ ላይ ነው። ማኅበሩ መኪና ሲያሰማራ የነዳጅ ኩፖን ይሰጣል፤ ልኩም ባለንብረቱ መኪናዬ ይህን ያህል ትጠጣለች ብሎ ያስመዘገበው ነው። ታዲያ ማን ሞኝ አለ? ሁሉም ከፍ አድርጎ አስመዝግቧል። የምትተርፈው ለጎሚስታ፣ ለሹፌር ምሳ፣ ለልጆች ደብተር ትሆናለች። ሌብነት ነው ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ “የመንገድ” ነው የሚሏት። ሊቀመንበሩ ያውቃል፣ የሱም መኪኖች እንደዚያው ናቸው። በኛ መዝገብ ሰካራም ያልሆነ መኪና አልነበረም። የአባቴ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ነበረች፤ እሱ ነባር አባል ስለሆነ ያስመዘገባት ማንም ምንም በማይጠይቅበት ዘመን ነው።

አዲሱ ሲስተም የሚመርጠው በዚያው ቁጥር ስለሆነ ሊቀመንበሩ አባላት ቁጥራቸውን እንዲያድሱ አስጠራ። ያን ሰሞን የነበረውን ሳስታውስ እስቃለሁ፣ ቀጥዬም አለቅሳለሁ። ትናንት በርሜል የምትገለብጠው መኪና ዛሬ በጠብታ የምትሄድ ሆነች። ዓይናቸውን በጨው አጥበው ይመጡና አንዱ ሞተሯን አሳድሻለሁ፣ ሌላው ኖዝል ቀይሬያለሁ ይለኛል። ማን ሞተር ነክቶ! ከኩፖኑ የምትተርፈው “የመንገድ” እንኳ ብትቀርባቸው ከደንበኛው የሚመጣው ጭነት ይበልጥባቸዋል። ማረጋገጫ ሳይመጣ አልጽፍም ብዬ ለሊቀመንበሩ ነገርኩት፤ አባላችንን ሌባ ነህ ልንለው ነው እንዴ፣ ጻፊላቸው አለኝ። ሁሉም አስጻፈ፤ አባቴ ብቻ አልመጣም።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ለመንኩት። የመኪናዋን እውነተኛ ቁጥር አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ አብሬው እየተጓዝኩ ነዳጅ ሲቀዳ አይ ነበር። እንደ ዓይኑ ብሌን ስለሚጠብቃት በእውነተኛው ቁጥሯ ብትመዘገብ ከብዙዎቹ አታንስም ነበር።

“አባዬ፣ ሁሉም አውርዷል። አንተ እውነቱን ብቻ ንገረኝ፣ እሱን ነው የምጽፈው” አልኩት።

እጁን ከማዕዱ አነሣ። “ይህን ሁሉ ዓመት የወሰድኩት ናፍታ የት ገባ ልበላቸው?”

የት እንደገባማ እዚያ ማዕድ ላይ የነበርነው ሁላችንም እናውቃለን፤ ለብሰነዋል፣ ተምረንበታል። ሌሎቹም ወስደዋል፣ ሌሎቹ አላፈሩም አልኩት። ሌሎቹ ልጃቸው ኮምፒውተሩ ላይ አልተቀመጠችም አለኝ። ነገሩ ይህ ነበር። ቁጥሩ ወርዶ ቀድሞ ቢጠራ ልጁ ናት ያስተካከለችለት ይባላል፤ ተራ የሚባለውን ነገር የሸጥኩት እኔ እሆናለሁ። ለራሱ ስም ብቻ አልነበረም የፈራው፣ ለኔም ነው። ይሉኝታ እንዲህ ሰውን አንቆ ሲይዝ አይቼ አላውቅም። ሳልነግርሽ ብትነኪው ደግሞ ልጄ አይደለሽም አለ። ከዚያ እሱና እናቴ በትውልድ ቋንቋቸው በትግርኛ ስለ ቤት ክዳን ማውራት ጀመሩ፤ እኔ ቋንቋውን እንደማልሰማ ሁሉ። ተናድጄ ተነሥቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ ላይ ያቺ የመጠበቂያ ነጥብ ትንሽ ረዳችው። ከሁሉም ኋላ ቢሆንም አልፎ አልፎ ይወጣ ነበር። ግን እሱ በወጣ ቁጥር ያ የተጋነነ ቁጥሩ የወሩን ሪፖርት ያበላሸዋል፤ ሌሎቹ አሮጌዎችም ቁጥራቸውን ቢያወርዱም ከአዲሶቹ ስለሚበልጥ እንደዚያው። ደንበኛው ሪፖርቱን አይቶ ምንድን ነው ይሄ ሲል ኮሚቴው ተሰበሰበና ነጥቧ ትውጣ አለ። ተከራከርኩ። የነዚህ መኪኖች ቁጥር ውሸት ነው፣ የሌሎቹም ውሸት ነው፣ በውሸት ቁጥር ጭስ አይቀንስም አልኩ። ሊቀመንበሩ በዚያ ለስላሳ ድምፁ አባትሽ ነው እንዲህ በይ ያለሽ ሲለኝ ክርክሬን ትቼ ተቀመጥኩ። አባቴ የፈራው ይኸው ነበር። ነጥቧ ወጣች።

አዲሱ ሲስተም ሹፌሩን በስልክ ስለሚጠራ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አያስፈልግም ነበር። አባቴ ግን መምጣቱን አልተወም። ጠዋት ኮቱን ለብሶ ይመጣል፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ቢሮዬ የመስታወት በር ስላለው ጀርባዬን ካልሰጠሁት በቀር አየዋለሁ። የሚያልፈው ሁሉ ጋሼ እንደምን አደሩ ይለዋል፤ ተነሥቶ ይጨብጣል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። እኔን አንድም ቀን ምን አለ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ምሳ እንውጣ ስለው በልቻለሁ ይላል፤ ከመቼ ወዲህ በልቶ። ስልክ አንሥቼ ለአንዱ ወጣት ሹፌር ጎንደር ጭነት አለህ ስለው አባቴ ቃሌን በበሩ ይሰማዋል። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ያለቀስኩበትን ጊዜ ቁጥሩን አላውቀውም። ሥራዬን ጠላሁት፣ ራሴን ጠላሁት፣ እውነት ለመናገር እሱንም በዚያ ግትርነቱ ጠላሁት።

አንድ ቀን አልመጣም። በማግሥቱም እንዲሁ። ስልኩ አይሠራም፤ ለእናቴ ስደውል ጭነት አግኝቶ ወጥቷል አለችኝ። በደስታ ሲስተሙን ከፈትኩት፤ ታርጋው ድሮ በቆመበት ቆሟል። የኛ ጭነት አልነበረም።

የተመለሰ ቀን ቤት ነበርኩ። ተሸካሚ ከኋላው አስከትሎ በቀጭኗ መንገዳችን መጣ፤ ተሸካሚው ጆንያ ከሰል ተሸክሟል። አባቴ ከመንገድ ሲመጣ ባዶ እጁን አይገባም፤ ከመቂ ሽንኩርት፣ ከወደብ ቴምር ያመጣ ነበር። እናቴ ጆንያውን እየዳበሰች የግራር ነው፣ ጥሩ ነው አለች። ፊቱ፣ አንገቱ፣ የጆሮው ውስጥ ሳይቀር ጠቁሯል። ከአዋሽ ወዲያ ከሰል የሚያስከስሉ ነጋዴዎች አሉ፤ አዲሶቹን መኪኖች ባለቤቶቻቸው ለከሰል አይሰጡም፣ ስለዚህ እንደሱ ያለውን አሮጌ ነው የሚፈልጉት። ማኅበር የለ፣ ሰሌዳ የለ፣ ሪፖርት የለ።

እናቴ በጆግ ውሃ እያፈሰሰችለት እጁን ሲታጠብ አጠገቡ ቆምኩ።

“አባዬ፣ ይሄ እኮ ደን ነው” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለ። ውሃው ከእጁ ላይ ጠቁሮ ይወርዳል። “እዚያ ግን ስንት ትጠጣለች ብሎ የጠየቀኝ የለም።”

ከዚያ ፎጣውን ተቀብሎ እጁን እያደረቀ፣ እስከ አፏ ተጭና ያን ሁሉ ዳገት ስትወጣ ስንት እንደጠጣች በኩራት ነገረኝ። እኔ የማውቀው እውነተኛው ቁጥር ነበር። ቅዳሜ ምሳ ላይ ለምኜ ያጣሁትን ቁጥር በነጻ ሰጠኝ። ጎበዝ ናት አልኩት።

ሰኞ ቢሮ ስገባ የሪፖርት ጊዜ ነበር። ጭሱ ቀንሷል፣ ያውም በደንብ። ግማሹ የባዶ መንገዱ ስለተቃለለ ነው፣ እሱ እውነተኛ ነው፣ እኮራበታለሁ። ከሌላው ግማሽ አብዛኛው ውሸት ቁጥር ነው። የቀረው ከሥራ የወጡ አሮጌ መኪኖች በሚል የገባ ነው፤ የአባቴ ታርጋም እዚያ ውስጥ አለ። ከሥራ ወጥታለች ተብላ፣ ጭሷ ቀርቷል ተብሎ ተቆጥሮላታል። የከሰሉን ጉዞ ላስገባው ሞከርኩ። መንገዱን ጻፍኩ፣ ነዳጁን ጻፍኩ፤ የጭነት ማዘዣ ቁጥር አስገቢ ብሎ ቆመ። ማዘዣ የሌለውን ጉዞ እንዳይቀበል አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ሹፌሮች ያልሄዱትን መንገድ እንዳያስመዘግቡ ብዬ።

ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። ሶፍትዌሩ የኛን ዝርዝር ብቻ ነው የሚያየው፣ ከዝርዝሩ የወጣች መኪና ግን መንገድ ላይ ናት፣ የባሰ ነገር ትጭናለች፤ አሮጌዎቹን አጭር አጭሩን መንገድ እንስጣቸው፣ ከተማ ውስጥ ያለውን፣ ሲስተሙን እንደዚያ ላስተካክለው አልኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ያ ከሰል የኛ ጭነት አይደለም ልጄ፣ እኛን አይመለከተንም አለ። ወንድሜም ሥራ ማግኘቱ ደግ ነው፣ እግዜር ይስጠው አለ። ከልቡ ነው የተናገረው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ሪፖርቱ ሄደ፤ ደንበኛው በጣም ተደስቻለሁ ብሎ ጻፈ፤ ጭነቱም ጨመረ።

ከዚያ ወዲህ ተስፋ የሚባለው ነገር ከውስጤ ወጥቷል ብል ማጋነን አይደለም። ተራውን ብንመልሰው ደንበኛው ይሄዳል፣ መኪኖቹም ባዷቸውን ጥሩምባ እየነፉ ይተላለፋሉ። እንዳለ ብንተወው አሮጌዎቹ ደኑን ይጭናሉ፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ እያረፉ ነው። ከየትኛው ወገን ሆኜ እንደምሠራ አላውቅም፤ ደመወዜን ግን እቀበላለሁ።

እሑድ አባቴ እንደገና ሊወጣ ነበር። የቂርቆስ ቅዳሴ አልቆ ነጭ የለበሰው ሰው በሰፈሩ መንገድ ይመለሳል፤ እሱ በተቃራኒው ቆሻሻውን ጃኬት ለብሶ ወደ ጎተራ ሊወርድ በሩ ላይ ቆሟል። እናቴ ስንቁን ሰጠችው። እኔ ካልተናገርኩ አይሄድም፤ የሹፌር ቤት ልጅ መንገደኛን ዝም ብላ አትሸኝም። አትሂድ ብለው እንደሚቀር አውቃለሁ፣ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ያወቅኩት ነው። ግን ቀርቶ የት ይሂድ? ነገ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ካዛንቺስ ይመጣል፣ እኔም በመስታወቱ አየዋለሁ።

“ይቅናህ አባዬ” አልኩት።

አሜን ብሎ ወረደ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ጭስ ልቀንስ ያልኩት ሰው፣ ከበሩ ሳልንቀሳቀስ፣ እዚያ የደረሰ እንደሆነ ከሰሉ ተከምሮ እንዲጠብቀው፣ መኪናዋም ባዶዋን እንዳትመለስ ጸለይኩ።